በሚስተር ይገዙ ሥር የሚተዳደሩ

አትላንታ፣ ኅዳር 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

«ውድ ሚስተር ይገዙ፤ የክሬዲት ካርድ ማመልከቻዎን በጥንቃቄ መርምረናል። በእርስዎ ሥር የሚተዳደሩት ሰዎች ቁጥር ከገለጹት ገቢ ጋር ሲመዛዘን ከፍተኛ ሆኖ ስላገኘነው ጥያቄዎን መቀበል አልቻልንም። ባንካችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን።»

ለተከበሩ እትዬ የሺእመቤት፤

ከሰላምታዬ በፊት ይህን ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ። ቃል በቃል የተረጎምኩት ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ ልብ ይበሉልኝ። መልሰው ከሰደዱኝ በኋላ ስለመጣህ እናመሰግናለን ይሉኛል።

አሁን ሰላምታዬ ይኸውልዎት። እርስዎ፣ እኅትዎ አፀደና አራቱ ልጆቿ እንደምን ከርማችኋል? ብርዱ እንደምን ይዟችኋል? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። ቁጣዬን ሕመም ካላሉት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳዎ። የአዲስ አበባ ሐኪሞች «ይህ ዓይን እዚህ አይሠራም፣ ውጭ ሄደው ይታከሙ» ብለው የጻፉልዎትን ወረቀት ከላኩልኝ ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ሳንዲ ስፕሪንግስ በምሠራበት ሆስፒታል፣ እንደሚያውቁት የሕሙማን መዝገብ ክፍል ነኝ፣ አንድ የዓይን ሐኪም ወረቀቱን አይቶ «ይምጡ፤ እኔ ገንዘብ አልጠይቅም። ግን ሐምሌን እንዳያሳልፉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ላደርግላቸው አልችልም» ብሎኛል። እግዚአብሔር ይስጠው። ስሜን በቅጡ መጥራት እንኳ አይችልም፤ ይህን ግን አደረገልኝ። እንግዲህ የቀረው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ደርሶ መልስ ሺህ አራት መቶ ዶላር ይጠይቃል፤ በእጄ ያለው ከዚያ በጣም ያንሳል።

እዚህ አገር ሰው እንዲህ ሲቸግረው የሚያወጣው ክሬዲት ካርድ የሚባል ነገር አለ። እንደ መታወቂያ ያለች ፕላስቲክ ናት። ዕቃ ሲገዙ ባንኩ ይከፍልልዎታል፤ እርስዎ ደግሞ በየወሩ ለባንኩ ይመልሳሉ። ካዘገዩ ወለድ አለው። ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ይቆርጡለታል፤ እስከዚህ ድረስ ትበደራለህ፣ ከዚህ በላይ አይሆንም ይሉታል። ጣሪያው የሚቆረጠው ገቢ ታይቶ ስለሆነ ማመልከቻው ዓመታዊ ገቢን ይጠይቃል።

ማመልከቻውን የሞላሁት ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ከዘገየ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። ዘገየ ከሱዳን አብረን የመጣን ልጅ ነው፤ ዛሬ እህልና ቅመማ ቅመም ይሸጣል። እነሆ የመከረኝ ምክር፤

«ጋሼ፣ ኢንካም የሚለው ላይ ራውንድ ያድርጉት። አሥራ አምስት ሺህ ይበሉ።»

«አሥራ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ነው።»

«ኦቨርታይም አለ አይደል እንዴ?»

«አምና ነበር። ዘንድሮ የለም።»

«ዕቁብዎስ? ሲደርስዎ እኮ ያው ኢንካም ነው!»

«ዕቁብ የራሴ ገንዘብ ነው ዘገየ። የራሴ ገንዘብ ዞሮ ሲመጣልኝ ገቢ አይባልም።»

ሳቀብኝ። «እርስዎ ካርድ ሳይሆን የመንግሥተ ሰማያት መግቢያ ነው አፕላይ የሚያደርጉት» አለኝ።

ቀጥሎ ደግሞ «ዲፔንደንት ስንት አለህ» የሚል ጥያቄ መጣ። መዝገበ ቃላቴ «ጥገኛ» ይለዋል። የጥገኞችዎ ቁጥር ማለት ነው። እርስዎ፣ አፀደ፣ አራቱ ልጆች፤ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ዘገየ ራሱን ይዞ ጮኸ። «ዜሮ! ጋሼ፣ ዜሮ ነው የሚጻፈው! ሰውየው ደሴ ድረስ ሄዶ አይቆጥር!» ባይቆጥርም ቁጥሩ ቁጥር ነው። ስድስት ሰው በልቶ እንዲያድር በየወሩ እየላክሁ ማንም የለኝም ብዬ አልፈርምም።

በዚህ ምክንያት ከለከሉኝ። ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ ግን ጽፌያለሁ፤ በጽሑፍ ይመልሳሉ። እርስዎ ለጉዞው ይዘጋጁ። የወሩን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

አክባሪ ወንድምዎ
መርዕድ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመርዕድ፤

የሰማይ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ባለህበት ባለሞገስ ያድርግህ። የላክኸው ደርሷል፣ እግዜር ይስጥህ። የልጆቹ ደብተርና የአፀደ መድኃኒት ተገዝቶበታል። ትንሹ ልጅ እንዳንተ ነው የወጣው፤ አስተማሪው ተሳስቶ የጻፈውን ያርማል፣ ከዚያ ይገረፋል።

ደብዳቤህን አነበብኩት። «ጥገኛ» የምትለው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አየሁ። ያው ናት። አንተ ሰው፣ እንግሊዝኛ ስታበዛ አማርኛው ጠፋህ እንዴ? ጥገኛ እኮ መዥገር ነው፤ ከበግ ላይ የሚነቀል። እዚህ ደግሞ በቀበሌ ስብሰባ ማንን እንደሚሉበት አንተው ታውቃለህ። ይገዙ ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ ስንቱን ከደጃችን አስገብተን አብልተን፣ በስተርጅና አሜሪካን አገር በወረቀት ጥገኛ ተብዬ ተጻፍኩ? ለአፀደ አልነገርኳትም።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼም ከሆነ ይበርድልኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ከቁጥርህ አውጣን። ዘገየ የሚሉት ልጅ እንዳለህ ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ ሱቅ የሚያቆም ሰው ያውቃል። ካርድህን አውጣና ለራስህ ካፖርት ግዛበት። ገንዘብም ከእንግዲህ አትላክ። የፊቱን ክፍል አከራይተናል፤ እኔም ጥጥ እፈትላለሁ። አብሽር፣ ጦማችንን አናድርም።

ስለ ዓይኔም አትጨነቅ። እንዳለ ነው።

እኅትህ
የሺእመቤት ይገዙ


አትላንታ፣ ጥር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺእመቤት፤

እግዚአብሔር ይህን ደብዳቤ በጤናዎና በበረደ ልብዎ ላይ ያድርስልኝ።

ስለ ቃሉ በጣም አዝኛለሁ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጥፋቱ የመዝገበ ቃላቱ ነው ብዬ መሟገት እችል ነበር፤ ግን መርጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባንኩ የበደለኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ እርስዎን የበደልኩት በአንድ ቃል። ከእነሱ ብሻል የምሻለው ይቅርታ በመጠየቄ ብቻ ነው።

«ከቁጥርህ አውጣን» ያሉት ግን አይሆንም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

ሥራ አስኪያጁ እስከ ቆረጥኩለት ቀን መልስ ስላልሰጠኝ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከባንኩ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ፋይሌን ገልጣ «ሚስተር ይገዙ፣ እነዚህ ስድስት ሰዎች ከእርስዎ ጋር ነው የሚኖሩት?» አለችኝ።

«አይ፣ ደሴ ናቸው» አልኳት።

«ደሴ? አላባማ ነው?»

«ከአላባማ ራቅ ይላል።»

ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ባንኩ በዚህ ጥያቄ የሚፈልገው ለመንግሥት ግብር ስከፍል በሥሬ ናቸው ብዬ ያስመዘገብኳቸውን ነው። እዚህ ያስመዘገብኩት ሰው የለም። «እንግዲያው የእኛ መልስ ዜሮ ነው፤ ዋሹ ማለት አይደለም» አለች። እኔም «ትርጉሙን በጽሑፍ ስጪኝ፤ እስከ ዓርብ» አልኳት። ሐሙስ ጻፈችልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚህች ልጅ ልቆጣ አልቻልኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር አንድ የጠየቅሁትን ነገር ከቀነ ቀጠሮው በፊት የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ አዲሱን ማመልከቻ ስሞላ እነሱ በሚሉት ትርጉም ዜሮ ጻፍኩ። ከሥር ደግሞ፣ በየወሩ የሚከፍሉት ሌላ ወጪ በሚለው ላይ፣ «ለይገዙ ቤት፣ ደሴ» ብዬ የምልከውን ልክ አስገባሁ። ከቁጥሩ እንዲወጡ ፈለጉ፤ እንግዲህ በሌላ መስመር ገብተዋል። አላወጣዎትም።

ይህች ሠራተኛ «ሚስተር ይገዙ» ባለችኝ ቁጥር ግን ልቤ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። እዚህ አገር ሰውን የሚጠሩት በአባቱ ስም ነው። ይገዙ ይሉኛል፤ በደሞዜ ላይ ይገዙ፣ በደጄ ላይ ይገዙ። ገሠሠ የሚለኝ የለም። ወላጅ አባቴ ገሠሠ በጦርነቱ ከሞቱ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ከእናንተ ደጅ ስታመጣኝ፣ የእናቴ የአጎት ልጅ ከሆኑት ከአባትዎ ሌላ ዘመድ አልነበራትም፤ እሳቸውም በቅጡ አያውቁንም ነበር። ትምህርት ቤት የወሰዱኝን ቀን እርስዎም አብረው ነበሩ። ጸሐፊው «የአባት ስም?» ሲል «ይገዙ» አሉ። «ገሠሠ አላሉኝም ነበር?» ቢላቸው «ገሠሠ ወልዶታል። የማሳድገው እኔ ነኝ፤ በእኔ ጻፍ» አሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማዬ ድረስ ስሜ ይኸው ነው።

እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። በሥሩ ተጽፎ ያደገው ማን ነው? እኔ በሥሬ ብዬ እናንተን ጻፍኩ እንጂ፣ ከዚያ በፊት እኔው ተጽፌ ነበር።

የምሥራቹ ይህ ነው። ካርዱ መጣ። የአባትዎ ስም በፊደል ተቀርጾበታል፤ በጣት ቢዳስሱት ይታወቃል። የቆረጡልኝ ጣሪያ ግን አምስት መቶ ዶላር ነው፤ ትኬቱን ሲሶ ያህል ነው የሚሸፍነው። ገቢዬን አሳንሼ ባልጽፍም ከፍ አድርጌ ባለመጻፌ ዘገየ ዛሬም ይወቅሰኛል። ሠራተኛዋ ደግሞ «ትንሽ እየተጠቀሙ በጊዜው ይክፈሉ፤ ስድስት ወር ሲሞላ ጣሪያው ከፍ ይላል» አለችኝ። መልካም ምክር ነው። ዓይን ግን ስድስት ወር አይጠብቅም።

ይህን ክላርክስተን ከሚገኘው ዕቁባችን አወራሁ። ለማንም እጄን አልዘረጋሁም፤ ባንኩን እየረገምኩ ነበር። የዚያን ዕለት ዕጣው የወጣው ለገበያነሽ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች የምትመላለስ ሴት ናት። መኪና ልትገዛበት ነበር። ገንዘቡን ከዕቁቡ ዳኛ ከአቶ ወንዳፍራሽ እጅ ተቀብላ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ገበያነሽ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ተራ እንለዋወጥ ጋሼ። መኪና ይጠብቃል፣ ዓይን አይጠብቅም።»

«በአውቶቡስ ልትመላለሺ?»

«አውቶቡሱን ለምጀዋለሁ። ይልቅ እዚህ እየተቆጡ ምሳውን አያቀዝቅዙብን።»

ገንዘቡን ኪሴ ከተትኩ። እኔ በክርክር ተረታሁ ብል ዘገየ እንኳ አያምንም፤ ግን እዚያው ነበርና ይመሰክራል።

ትኬቱን እይዛለሁ። ፓስፖርቱን ያስጨርሱ፤ የጤና ወረቀቱን ከእጅዎ አይለዩት።

ወንድምዎ
መርዕድ ይገዙ


ደሴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመርእድ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሄር ይመስገን ደህና ነን። መልስ በማዘግየቴ ይቅር በለኝ፤ ጾሙም ስራውም በዛ። ያቺን ገበያነሽ የምትባለውን ልጅ የሰማይ አምላክ ደጇን አይዝጋባት በልልኝ። አባቴን ያነሳህበትን ለአፀደ አስነበብኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን ግን ስማኝ። ለጉዞው አልተመቸኝም። ፋሲካ ደርሷል። የፊቱ ክፍል ተከራይ ለቅቆ ሌላ መፈለግ አለብን። አፀደም ወገቧን ያማታል፤ ጥያት ብሄድ ማን ያያታል? በዚያ ላይ አይኔ በጣም ደህና ነው። በጸበሉም ተሻለኝ። ስለዚህ ገንዘቡን ለልጅቷ መልስላት፤ መኪናዋን ትግዛ። ያንተንም ጣሪያ በእኔ አትሙላው፤ ለእርጅናህ ይሁንህ።

የላክኸው ሁሉ ደርሷል። ከእንግዲህ አትላክ ብዬህ ነበር።

እህትህ
የሺእመቤት


አትላንታ፣ ግንቦት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

«አይኔ በጣም ደህና ነው።»

ለተከበሩ እትዬ የሺእመቤት፤

በእርስዎ ደብዳቤ የመጣልኝ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ቃል በቃል ገለበጥኩት። አንዳች አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ የጎደለው ከዚያው ነው የጎደለው።

የጎደለው ዓይኑ ዐ ነው።

የተማርኩት ከማን ነበር? ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከቤታችሁ ደፍ ላይ አስቀምጠውኝ በሳንቃው ላይ በከሰል ስሜን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። በአልፋው አ ጻፍኩና ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። «መርዕድ በዓይኑ ዐ ነው። ስምህን ዓይን አታሳጣው» አሉኝ። ጆሮዬን እያሸሁ ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ለእኔ በጻፉት ደብዳቤ ሁሉ፣ በክረምቱም በበጋውም፣ በደስታውም በለቅሶውም፣ አንድም ቀን አልሳቱትም። በሚያዝያው ደብዳቤ ግን ስሜ በአልፋው ተጽፏል። ዓይንም በአልፋው ተጽፏል። «እህት» በሃሌታው ተጽፏል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ፊደሉ ያማረ ነው፤ የእርስዎ እጅ ግን አይደለም። የጎረቤታችን የደጊቱ እጅ ነው፤ አፀደ ስትታመም የላከችልኝ ደብዳቤ እዚህ አለ፣ አስተያይቼዋለሁ።

ደጊቱን አልወቅሳትም። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ዓይን ሆና ጽፋልዎታለች። የምወቅሰው እርስዎን ነው። ጽሑፉን አቅቶዎት ለሌላ ሰው እየነገሩ «በጣም ደህና ነው» ይሉኛል? ይህን ስንት ወር ደበቁኝ? ታኅሣሥ ላይ «እንዳለ ነው» ሲሉኝ እንዴት እንዳለ መጠየቅ ነበረብኝ።

ምክንያቶችዎን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ፋሲካ አልፏል። ተከራይ ይገኛል። አፀደን ደጊቱ ታያታለች፤ ደብዳቤ የምትጽፍ ጎረቤት ውኃም ታቀብላለች። የገበያነሽን ገንዘብ ልመልስላት ብዬ ነበር። «ዕቁብ አንዴ የተሰጠ አይመለስም፤ እትዬ ሲመጡ በተራዎ የምገዛውን መኪና ባይነዱም ያዩታል» አለችኝ። ከእሷ ጋር መከራከሩን ትቻለሁ፤ እርስዎም ይተዉት።

ስለ ጣሪያው ግን አሳስበውኛል። «በእኔ አትሙላው» ያሉት ቃል ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተከተለኝ። አባትዎ እኔን ሲያስመዘግቡ ጣሪያቸው ስንት ነበር? አንዲት ጨርቅ የሚሸጡባት ሱቅ፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ በዚያ ላይ ዘመድ ነኝ የሚል ሁሉ። በእኔ ሞሉት። ትርፍ አላቸው ብዬ አስብ የነበረው ልጅ ስለነበርኩ ነው፤ ዛሬ በእሳቸው ዕድሜ ሆኜ ሳየው ትርፍ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ግን «በአንተ ሞላሁት» አላሉኝም። ይህን ካርድ የሰጠኝን ባንክ ስንት ጊዜ ረገምኩት፤ ነገር ግን በየወሩ ሒሳቡን ሲልክልኝ ፖስታው ላይ የእሳቸው ስም አለ። ፖስታውን ሳልቀድ ትንሽ አየዋለሁ። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ለባንኩ አይደለም።

ትኬቱን ትናንት ያዝኩ። ከገበያነሽ ዕቁብ፣ ካጠራቀምኩት፣ የቀረውን በካርዱ። ጣሪያው ድረስ ሞልቷል። ዘገየ «ጋሼ፣ ማክስ አውት አደረጉት!» ብሎ ጮኸ። «አዎን፣ አደረግሁት» አልኩት። ቀስ በቀስ ይከፈላል። በሕይወቴ እንደዚህ በደስታ የፈረምኩት ዕዳ የለም። ትኬቱ የተጻፈው «የሺእመቤት ይገዙ» በሚል ነው። የጉዞ ወኪሉ የእኔን ካርድ አይቶ «እኅትዎ ናቸው?» አለኝ። አዎን አልኩት። በእነሱም ትርጉም፣ በእኛም ትርጉም፣ በማንኛውም ወረቀት ላይ ብምል የማልሸሽገው መልስ ይህ ነው።

ወኪሉ ቦታውን የሚያቆይልኝ እስከ ሰኔ 30 ቀን ብቻ ነው፤ ሐኪሙም ከሐምሌ ወዲያ አይሆንም ብሏል። ስለዚህ ለባንኩ እንደጻፍኩት ለእርስዎም እጽፋለሁ፤ መምጣት አለመምጣትዎን በጽሑፍ፣ በግልጽ፣ እስከ ሰኔ 30 ቀን 1979 ዓ.ም. ድረስ እጄ እንዲገባ አድርገው እንዲያሳውቁኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ደህና ነኝ የሚል መልስ አልቀበልም። ደብዳቤውን ደጊቱ ብትጽፈው ግድ የለኝም። ስሜን ግን እርስዎ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ቢጎብጥ፣ ከመስመር ቢወጣ፣ ከሌላ ፊደል ላይ ቢያርፍም አነበዋለሁ። በዓይኑ ዐ ብቻ ይሁን።

በእርስዎ ሥር የሚተዳደረው
መርዕድ ይገዙ